የታንጋዲ ቅጠልና የፋኪራፓ እጅ

ሻንታላ ሃያ አራት አይጦች ነበሯት፤ አንዳቸውም አልፈራ አሏት።

ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል፤ ለእሷ ግን የሚያስለቅስ ነበር። በደቡብ ሕንድ፣ ከሁባሊ ወደ ጋዳግ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የመድኃኒት ቅመማ ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለማግኘት አንድ ነገር ብቻ ይቀራታል። በግቢው አጥር ላይ የሚበቅለው፣ ታንጋዲ የሚባለው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ጭንቀት እንደሚያስታግስ በአይጥ ላይ ማሳየት አለባት። ታንጋዲን ማን መረጠው ቢባል አጥሩ ነው የመረጠው። ደህና ደህናዎቹን ቅጠሎች ከእሷ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ወስደው ጨርሰዋቸዋል፤ ለእሷ የተረፋት ፍየል እንኳ አሽትታ የምትተወው ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ኡፓድዬ በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ አንድ ቅጠል ይመድባሉ። አሥራ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ተማሪ፣ አሥራ አንድ ቅጠል፤ አሥራ አንዱም ቅጠል ጭንቀትን ድራሹን አጥፍቷል። የተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥራዞች ስማቸው በወርቅ ቀለም ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል። እነሱን ላመነ ሰው በዚያ አውራጃ የሚጨነቅ ፍጡር ሊገኝ አይገባም ነበር። ተማሪው ግን ጥፍሩን እየበላ ነው የሚመረቀው፤ ዶክተሩም ያለ እንቅልፍ ኪኒን አይተኙም ይባላል። ከአሥራ አንዱ ቅጠሎች አንዱን እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ምን በወጣቸው!

አይጥ መጨነቅ አለመጨነቋ የሚለየው እንዲህ ነው። የመደመር ምልክት የመሰለ ጣውላ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ግን ምንም መከለያ የሌላቸው ገላጣ ናቸው። የፈራች አይጥ ግድግዳ ወዳለው ገብታ ትሸጎጣለች፤ የተረጋጋች ወደ ገላጣው ትወጣለች። ሻንታላ አምስት ደቂቃ ሰዓት ይዛ ስንት ጊዜ እንደወጡ ትቆጥራለች። ስድስቱ አይጦች የጨው ውሃ ብቻ ይወጋሉ፤ ስድስቱ ዲያዜፓም የሚባለውን የታወቀ ማረጋጊያ፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ታንጋዲ፣ ግማሾቹ ትንሽ፣ ግማሾቹ ብዙ። ውሃ የተወጉት መፍራት አለባቸው። እነሱ ካልፈሩ ታንጋዲው ከማን በልጦ አረጋጋ ሊባል ነው?

ውሃ የተወጉት ግን ሠርግ እንደተጠራ ሽማግሌ እየተጎማለሉ ወደ ገላጣው ይወጣሉ። ጫፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ፤ ጢማቸውን ይጠርጋሉ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል፤ እነዚህ ድመቲቱን ራሷን ቢያገኟት ደህና አደርሽ ሳይሏት የሚያልፉ አይመስሉም።

ዶክተር ኡፓድዬ ሰንጠረዡን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ውጤቱ ነው፣ ዶክተር።»

«ይኼ ውጤት አይደለም። ውጤቱን እኔ ቤንጋሉሩ ለሚደረገው ጉባኤ ከላክሁት ሁለት ወር አልፎታል። ታንጋዲ ጭንቀትን በከፍተኛ ደረጃ ያስታግሳል!»

እውነታቸውን ነው፤ ልከዋል። የላኩት ያምናውን ጽሑፍ የቅጠሉን ስም ብቻ ቀይረው ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ መቀየሩን ረስተውት ያምናው ቅጠል እንዳለ ቀርቷል።

«ታዲያ አይጦቹስ?»

«አይጦቹ ተሳስተዋል። ድገሚው።»

«ሦስት ጊዜ ደገምሁት እኮ።»

«አራተኛ ድገሚዋ! ሳይንስ ማለት ምን መሰለሽ? መድገም ነው።»

የመመረቂያው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያው ኮሌጅ አንድ የረዳት መምህር ቦታ ተከፍቷል፤ የሚሰጠው ግን እስከ ሐምሌ ዲግሪዋን ለያዘች ነው። አመለጣት ማለት ቦታው የአንድ ባለሥልጣን አማች ሆነ ማለት ነው። አባቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ ከሁባሊ ጋዳግ ሲመላለሱ «ልጄ የኮሌጅ መምህርት ልትሆን ነው» ያላሉት ተሳፋሪ የለም። አንዳንዱ ተሳፋሪ የትኬቱን መልስ ከመቀበሉ በፊት እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ግድ ሆኖበታል።

አራተኛውን ዙር በምትጀምርበት ቀን ሻንታላ ከወትሮው ቀደም ብላ ወደ እንስሳት ቤቱ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይጦቹን የጠበቁት ፋኪራፓ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ከሣጥኑ አንዲት አይጥ አውጥተው በመዳፋቸው ያዙ፤ ጀርባዋን ነክተው ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፤ የሆነ ነገር አንሾካሾኩላት። ከኪሳቸው የሸንኮራ ጥቁር ስኳር ቆርሰው አፏ ላይ አደረጉላት። ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈተው ደረታቸው ላይ ከተቷትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አጃ! ምን እያደረጉ ነው?»

በዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ አጃ ነው፤ አያቴ እንደማለት። ፋኪራፓ አልደነገጡም።

«ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው።»

«ከማን?»

«ከባለቤቱ ነዋ! አምላካችን ጋናፓቲ ያንን የዝሆን ራስና ያንን ሆድ ተሸክሞ የሚዞረው በማን ጀርባ ነው? በአይጥ። አንቺ የአምላክን መጓጓዣ በመርፌ ልትወጊ ስታስመጪ እኔ ዝም ብዬ ላስረክብሽ? አንድ ሰው መጥቶ ያባትሽን አውቶቡስ ጎማ ቢወጋው አባትሽ ዝም ይላሉ?»

«ስኳሩስ?»

«ይቅርታ በባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ፣ እናቴ?»

«ሸሚዝዎ ውስጥ የሚከቷትስ?»

«ልቧ እስኪመለስላት ነው። ከሣጥን ስትወጣ እንደ ስፌት መኪና ነው የሚመታው። ዝግ ሲልላት እሰጥሻለሁ።»

«ለሁሉም ነው እንዲህ የሚያደርጉት? ውሃ ለሚወጉትም?»

«የትኛዋ ውሃ የትኛዋ መድኃኒት እንደሆነች እኔ በምን አውቃለሁ? ለጋናፓቲ ሁሏም አይጥ ናት።»

ሻንታላ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። የሙከራ መጽሐፉ የሚያዘው ሠራተኛው ማን ምን እንደተሰጠ ሳያውቅ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ ነው። በዚያ ኮሌጅ ይህን ትእዛዝ አሟልተው የተገኙት መጽሐፉን ማንበብ የማይችሉት ፋኪራፓ ብቻ ነበሩ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሻንታላ አጣራች። ፋኪራፓ ሙሉ ጨረቃ በዋለበት ማክሰኞ ሳውንዳቲ ወደሚባለው ቦታ፣ የላማ ለምትባለው ሴት አምላካቸው ስለት ሊያደርሱ ሄዱ። ያን ቀን አይጦቹን መጽሐፉ እንደሚለው ራሷ በጅራታቸው እየያዘች አወጣች። ውሃ የተወጉት ጥግ ገብተው ተንቀጠቀጡ። ታንጋዲ የተወጉትም አብረዋቸው ተንቀጠቀጡ፤ ትንሽ የተወጉትም ብዙ የተወጉትም። የወጡት ዲያዜፓም ያገኙት ብቻ ናቸው። ፋኪራፓ በተመለሱ ማግስት ደግሞ ውሃ የተወጉት በሽማግሌው እጅ አልፈው ሲመጡ ከዲያዜፓሞቹ እኩል ገላጣው ላይ ተንሸራሸሩ። ቁጥሩ ፊት ለፊቷ ነበር። ታንጋዲ ምንም አልሠራም፤ ሥራውን ሁሉ የሠራው የፋኪራፓ እጅ ነው።

ሻንታላ ከልቧ ደስ አላት። እውነት የሆነ ነገር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እየሮጠች ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ዶክተር ኡፓድዬ ከኬሚስትሪዋ መምህርት ከዶክተር ካላቫቲ ጋር ሻይና የተጠበሰ ቃሪያ እየቀመሱ ነበር።

«ሽማግሌው?» አሉ ዶክተሩ።

«አዎ፣ እጃቸው።»

«እጁ!» ቃሪያውን አስቀመጡት። «ይሁን። በምን ታሟሚዋለሽ? በአልኮል ነው በውሃ?»

ካላቫቲ ሻዩ ትን አላት። «በኪሎ ስንት ሚሊግራም ፋኪራፓ ልትሰጪ ነው?»

«የምሬን ነው፣ ዶክተር። ቁጥሩን ይመልከቱት።»

ካላቫቲ ሳቋን ጨርሳ ቁጥሩን አየች፤ ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። «ስኳሩ ይሆናል» አለች። «ስኳሩን ጨምቀን ብንመረምረውስ?»

«ወይም ለስለት ሲሄድ እጁን የሚቀባው እርድ» አሉ ዶክተሩ።

«ወይም የላቡ ጠረን። ጠረን እኮ ሊጨመቅ ይችላል።»

ሩብ ሰዓት ያህል ሽማግሌውን በሐሳብ ቆራርጠው በየጠርሙሱ ከተቷቸው። ሰው እንዳለ ሰው ሆኖ ሊሠራ ይችላል የሚል ሐሳብ ለሁለቱም አልመጣላቸውም። በመጨረሻ ዶክተሩ አፋቸውን ጠርገው ፍርድ ሰጡ።

«ይኼ የስህተት ምንጭ ይባላል። የስህተት ምንጭ ይወገዳል። ሠራተኛው ሙከራዬን አበላሽቶብኛል ብለሽ አንድ ወረቀት ጻፊና ፈርሚ። አዲስ ሰው ይመጣል፤ አይጦቹም እንደ ደንቡ ይፈራሉ፤ አንቺም ትመረቂያለሽ።»

«እሳቸውስ?»

«የቀን ሠራተኛ አይደል? ማመልከቻሽ እንደደረሰ ይወጣል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀን ሠራተኛ! ቋሚ ይደረጉልኝ የሚለው የፋኪራፓ ፋይል በርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አራት ዓመት ተቀምጧል፤ የሻይ ብርጭቆ የሚያርፍበትም እሱ ላይ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

«ግን ዶክተር፣ አይጦቹ ቢፈሩም ታንጋዲው አልሠራም።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አሉ ዶክተሩ። «ወረቀቱን ሰኞ አምጪ።»

ሻንታላ ሰኞ እስኪደርስ እህል በአፏ አልዞረም። ብትፈርም ሽማግሌው ነገ ጎዳና ላይ ናቸው። ባትፈርም ዓመቱ ያልፋል፤ ቦታው ያልፋል፤ አባቷ ያን ሁሉ ተሳፋሪ እንደገና ማየት አለባቸው። እውነቱን ብትጽፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ እሷም ትወድቃለች፣ እሳቸውም የስህተት ምንጭ ተብለው በታተመ ወረቀት ይባረራሉ። ሰኞ ጠዋት መዝገቧን ይዛ እንስሳት ቤት ገባችና ጥግ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እዚያ ጥግ ጥሩ ነው» አሏት ፋኪራፓ የአይጦቹን ገለባ እየቀየሩ። «ካንቺ በፊት የነበሩትም እዚያ ነው ያለቀሱት።»

«የነበሩት ሁሉ?»

«ከአንዱ በቀር ሁሉም። እሱ የርእሰ መምህሩ የወንድም ልጅ ነበር፤ ምን ብሎ ያለቅሳል? ሌሎቹ አልቅሰው አልቅሰው አንድ ቀን እየሳቁ ይመጣሉ። ይመረቃሉ። አንዲቷ እንዲያውም ጨርቅ ገዝታልኛለች።»

ሻንታላ ቀና አለች፤ እየሳቁ የመጡት ቁጥሩን ከራሳቸው ፈጥረው እንደሆነ ገባት። ከዚያ መዝገቧን ገለጠችና ሥራ ጀመረች። ራሷ በጅራት የያዘችበትን ቀን ቁጥር «ውሃ» ከሚለው ሥር አደረገችው። በፋኪራፓ እጅ ያለፉትን ቁጥር ደግሞ አንስታ «ታንጋዲ» ከሚለው ሥር ጻፈችው። አንዲት ቁጥር አልፈጠረችም፤ የዋሸችው በርእሱ ብቻ ነው። እንዲህ ብላ ነበር ራሷን ያጽናናችው፤ ሰው ራሱን ለማጽናናት ምን ያንሰዋል።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«በርስዎ ስም ምትክ ታንጋዲ እያልሁ ነው፣ አጃ። ከዚህ በኋላ ስለርስዎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ቦታዎ ላይ ይቆያሉ።»

ሽማግሌው የያዙትን ገለባ አስቀመጡ። «በእኛ መንደር ታንጋዲ ቆዳ ማልፊያ ነው» አሉ። «ቆዳን ደህና ያለፋል። ይሁን እንግዲህ፤ አንቺ ካልሽ ደግሞ ይሞክር።»

ሻንታላ አፈረች። እፎይም አለች፤ የቱ እንደበለጠ ለራሷም አልታወቃትም።

ዶክተር ኡፓድዬ አዲሱን ሰንጠረዥ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። «አላልሁሽም? ድገሚው አላልሁሽም? አይጦቹ ነበሩ የተሳሳቱት!» ስለ ማመልከቻው አልጠየቁም። ለምን እንደቀናላትም አልጠየቁም።

የውጭ ፈታኙ ቤልጋውም ከሚባለው ከተማ መጡ። በር ላይ የአበባ ጉንጉን ተደረገላቸው፤ ትከሻቸው ላይ ሻል ጣል ተደረገ፤ የፍራፍሬ ቅርጫት ተሰጣቸው፤ ከዚያ ሆሊጌ የሚባለው ጣፋጭ ቂጣ በቅቤ ቀረበ። አምስት ከበሉ በኋላ የመመረቂያውን ጽሑፍ ገለጥ አደረጉት፤ የመጨረሻውን ሰንጠረዥ አዩና አንድ ጥያቄ ወረወሩ።

«ይኼ ታንጋዲ ጭንቀቱን የሚያስታግሰው በምን መንገድ ነው?»

ሻንታላ ዶክተሩን አየች፤ ጣራውን አየች። «ገና አልተረጋገጠም» አለች። «ሙቀት ያለው ይመስለኛል። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የልብ ምት እስኪመለስ ድረስ አይለቅም።»

«ድንቅ ነው» አሉ ፈታኙ። ስድስተኛዋን ሆሊጌ አስጠቅልለው ሄዱ። ሻንታላ በማዕረግ አለፈች፤ በሐምሌ መምህርት ሆነች። አባቷ በዚያ ሳምንት አንዳንድ ተሳፋሪ ትኬት ሳይቆርጥ እንዲወርድ አድርገዋል፤ ወሬው ጣፍጧቸው ረስተውት ነው።

ሻንታላ ነገሩ አለቀ ብላ ነበር። አንድ ውሸት ተናገርሁ፤ አንድ ሰው አዳንሁ፤ ተቻቻለ።

አልተቻቻለም። ጽሑፉ የእሷ ቁጥር ገብቶበት ቤንጋሉሩ ጉባኤው ላይ ሲነበብ አንድ የሽሮፕ ነጋዴ ጆሮ ገባ። ከቀድሞዎቹ አሥራ አንድ ቅጠሎች አንዱም እንዲህ ያማረ ቁጥር አላመጣም፤ የሌሎቹ ተማሪዎች ቁጥር በፍርሃት የተፈጠረ ስለነበር ፈራ ተባ ይላል፣ የእሷ ግን እውነተኛ ነው። እውነተኛ መሆኑ ነው ጉድ የሠራው። ነጋዴው የታንጋዲ ሽሮፕ ሊያወጣ ተስማማና ለኮሌጁ አዲስ የእንስሳት ቤት አሠራ። ካሜራ አለው፤ ምግብ በቱቦ ይወርዳል፤ አይጦቹ ከሣጥን ወደ ጣውላው የሚሄዱት በሚንሸራተት በር ነው። ከተወለዱ እስኪሞቱ የሰው እጅ አይነካቸውም። ዶክተር ኡፓድዬ ሲያስጎበኙ የሚኮሩት በዚህ ነው። «የስህተት ምንጭ አስወግደናል!» ይላሉ።

ለዳሳራ በዓል ሳምንት ሲቀረው ለፋኪራፓ የስንብት ዝግጅት ተደረገ። የተባረረ ሰው የለም፤ የተከሰሰም የለም። ሥራው ነው የጠፋው። ፋይላቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ከጠረጴዛው አልተነሣም።

ሻንታላ አዲስ ሳሪ ለብሳ ከመምህራኑ ጋር በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ብትፈርም ኖሮ ሽማግሌውን የምታባርር አንዲት ክፉ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ግን በደግነቷ ራሷ አባረረቻቸው፤ ለዚያውም ሸልማ። ፋኪራፓ መድረኩ ላይ ሻል ደርበው፣ አበባ አጥልቀው ቆመዋል፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ዶክተሩ ድምፅ ማጉያውን ያዙ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለን ለፋኪራፓ ልዩ ስጦታ አለን። ጡረታ ሐሳብ ያበዛል፤ ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣውን የመጀመሪያውን የታንጋዲ ሽሮፕ ጠርሙስ እንሰጠዋለን። የምታበረክትለትም ያገኘችው መምህርት ሻንታላ ናት!»

ተጨበጨበ። ሻንታላ ወጣች፤ ጠርሙሱን ተቀብላ ዘረጋችላቸው። ፋኪራፓ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ድምፅ ማጉያው አጠገባቸው ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

«ይሠራል፣ እናቴ?»

ያ ቁጥር የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ። ዶክተሩ ፈገግ ብለው ያዩአታል፤ የሽሮፑ ነጋዴ ከፊት ተቀምጧል፤ አባቷ ከኋላ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙላታል። አይሠራም ማለት አንዲት ቃል ናት። አፏ ላይ መጣች፤ ዋጠቻት።

«ይሠራል፣ አጃ።»

«እንግዲያው ለአይጦቹ ስጪልኝ» አሉ ፋኪራፓ ጠርሙሱን መልሰው እያስያዟት። «ከነገ ጀምሮ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ዶክተር ኡፓድዬ ናቸው፤ ሽማግሌው ተጫዋች መሆኑን አላውቅም ነበር እያሉ ለነጋዴው ነገሩት። ሻንታላ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ቀና ብላ ማንንም አላየችም።